መስታወቱ ካላወቃችሁ አስተምሩት

ቦሌ መንገድ ላይ ቀን ቀን የማይቀር አንድ ትርኢት አለ። ወደ ቀጠሮው የሚጣደፈው ሰው ከአንድ አብረቅራቂ ሕንፃ ፊት ለፊት ሲደርስ ቆም ይላል። ክራቫቱን ያስተካክላል፣ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ያያል፣ ወደ ጎን ዞር ብሎ ቦርጩን ሳብ ያደርጋል፤ ከዚያ በራሱ ተደስቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከመስታወቱ ወዲያ፣ አፍንጫው ሥር የተቀመጡት ሠራተኞች ግን ከነቦርጩ አይተውት በሳቅ ፍርስ ብለዋል። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። ቢሮው ውስጥ መብራት በርቶ መንገዱ ሲጨልም፣ በውጭ የሚያልፈው ሰው ጠረጴዛውንና ኮምፒውተሩን ቁልጭ አድርጎ ያያል፤ ውስጥ የሚያመሸው ሠራተኛ ደግሞ ወደ መስኮቱ ቢዞር የሚያየው የገዛ ፊቱን ነው።

መስታወቱ ቀንም ማታም ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ብርሃኑ ነው። ስስ የብረት ሽፋን ያለው መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፣ ከፊሉን ያሳልፋል። ብርሃን የበዛበት ወገን ራሱን ሲያይ፣ ጨለማ ውስጥ ያለው ወገን ሌላውን ያያል።

እንግዲህ ከእንዲህ ዓይነቱ መስታወት ጀርባ የኮምፒውተር ሞኒተር አስጠግታችሁ አስቡት። የሞኒተሩ ጥቁር ክፍል ጨለማ ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ የምታዩት ራሳችሁን ነው። ነጭ ፊደል በበራበት ቦታ ብቻ ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ይመጣል። ጠዋት ፊታችሁን ስታዩ ከጆሯችሁ ከፍ ብሎ ሰዓቱ፣ ከትከሻችሁ በላይ የአየሩ ሁኔታ፣ ከታች የቀኑ ቀጠሮ ተንሳፎ ይታያችኋል። ትንሽ ካሜራ ስትጨምሩበት ደግሞ ከፊቱ የቆመው አባት ይሁን ልጅ ለይቶ ለእያንዳንዱ የራሱን ነገር ያሳያል። ስማርት መስታወት የሚባለው ይኸው ነው። የምለምናችሁ ሠርታችሁ ግድግዳችሁ ላይ እንድትሰቅሉት ነው። በእጃችሁ፣ በቤታችሁ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ።

“እኔ? ኢንጂነር እኮ አይደለሁም” የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኛል። ኔዘርላንዳዊው ማይክል ቴውም ፋብሪካ አልነበረውም። ኒው ዮርክ ሄዶ ሜሲስ የተባለው ግዙፍ መደብር ውስጥ ሲዘዋወር ከውስጡ ጽሑፍ የሚበራ መስታወት ዓይኑ ገባ። ስንቶቻችን እንዲህ ያለውን አይተን “ወይ ጉድ!” ብለን አልፈናል። እሱ ግን አገሩ ተመልሶ በ2014 የራሱን ሠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ልብ በሉ፤ ከተጠቀመባቸው ዕቃዎች አንዱንም የፈለሰፈው እሱ አይደለም። መስታወቱ ነበረ። ሞኒተሩ ነበረ። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው፣ የባንክ ካርድ የምታህለው ኮምፒውተርም ከ2012 ጀምሮ በ35 ዶላር ትሸጥ ነበር። የሱ ድርሻ ማገናኘት ነበር።

ሁለተኛው ድርሻው ከመጀመሪያው ይበልጣል። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ጽፎ፣ ኮዱን ለማንም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። ማጂክ ሚረር የተባለው ያ ሶፍትዌር ብዙ ሰው ከየአገሩ እየጨመረበት አደገ፤ በ2016 ማግፓይ የተባለው የራስፕቤሪ ፓይ መጽሔት በ50ኛ እትሙ ካወጣቸው 50 ምርጥ ሥራዎች አንደኛውን ቦታ ያገኘው ይኸው መስታወት ነው። ስለዚህ ከባዶ አትነሱም። ከባዱ ሥራ በነፃ ተሠርቶ ተቀምጦላችኋል፤ የቀረው የእናንተ ቤት ድርሻ ነው።

በ2024 የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ሰርተፊኬት ያልወሰደ ወጣት ማግኘት እየከበደ ነው። ሰርተፊኬቱ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ “እንኳን ደስ ያለህ” ይዘንባል፣ ከዚያ ስልክ ውስጥ ይተኛል። በሥልጠናው ላይ ክፉ ነገር የለኝም፤ ውሰዱት። ግን ያልተሠራበት ትምህርት ይተንናል። የሠራችሁት ነገር ላይ እናታችሁ ጠዋት ጠዋት ሻሿን የምታስር ከሆነ “ምን ትችላለህ?” ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው መልሱን ግድግዳው ላይ ያገኘዋል። ደግሞም በአንድ ዕቃ ውስጥ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ኮድና የብርሃን ፊዚክስ አንድ ላይ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በቀላሉ አይገኝም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ያለቀለት ስማርት መስታወት ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ ሲበላሽ ግን ማን ያውቀዋል? የራሳችሁን እያንዳንዱን ሽቦ ታውቁታላችሁ።

ዕቃው ከየት ይምጣ? ሞኒተሩ አዲስ መሆን የለበትም። መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ሲቀይሩ የሚያወጡት አሮጌ ጠፍጣፋ ሞኒተር ይበቃል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ የተጣለ ነገር ነፍስ ሲዘራ አይቷል። ፕላስቲኩ ወልቆ ስስ ሆኖ ፍሬሙ ውስጥ እንዲገባ ማድረጉን ግን ለሞኒተር ጠጋኝ ስጡት። ኃይል መስጫው ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም። ጠጋኙ ሲከፍተው አጠገቡ ቁሙና ጠይቁ፤ ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ የምታገኙት ዕውቀት ይበልጣል። ሞኒተር ከሌለ አሮጌ ታብሌት ይሠራል፤ ታብሌት ከሌለ ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ። መስታወቱ ጥግ ላይ ሰዓትና ሰላምታ ብቻ የምታሳይ ትንሽ መስኮት ብትሆንም መጀመሪያ ናት።

መስታወቱ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ፤ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። መስታወት ቤት ሄዳችሁ ለሕንፃ የሚገጠመውን አንጸባራቂ መስታወት ቁራጭ ለምኑ። ቁራጭ አይጠፋም። ስልካችሁ ላይ በጥቁር መደብ ነጭ ጽሑፍ ክፈቱ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉ፣ ከቁራጩ ጀርባ ለጥፋችሁ ያዙት። ጽሑፉ ጥርት ብሎ እየታየ የስልኩ ጠርዝ ከጠፋባችሁ አገኛችሁት ማለት ነው። ፊታችሁ ሰማያዊ ወይም የነሐስ መልክ ይዞ ከታያችሁ ግን ያ መስታወት ለፎቅ እንጂ ለጠዋት ፊት አይሆንም፤ እንኳን እንቅልፍ ካጣ ሰው፣ ጠግቦ ከተኛ ሰው ፊት ጋርም አይስማማም። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚዘጋጀው መስታወት ብዙውን ጊዜ 70 ከመቶ ገደማ ብርሃን መልሶ 30 ከመቶ ገደማ ያሳልፋል። እሱን ያላገኘ ሰው ተራ መስታወት ላይ፣ መኪና ላይ ከሚለጠፈው ፊልም መስታወት መሳዩን መርጦ መለጠፍ ይችላል። ሳሙና ያለው ውሃ ረጭታችሁ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋችሁ ለጥፉት፤ ደረቁን የለጠፈ ሰው ከአረፋው ጋር ሲታገል ይውላል።

አናጢው ለፍሬሙ ጥልቀት ሰጥቶ ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ ይተውለት፤ ሞኒተርም ኮምፒውተርም ይሞቃሉ። ስክሪኑ ያልደረሰበትን የመስታወት ጀርባ በጥቁር ወረቀት ወይም ጨርቅ ሸፍኑት። ትንሽ የብርሃን ሽንቁር ብትቀር የሞኒተሩ ጠርዝ ይታይና አስማቱ ይበተናል።

ኮዱ ላይ ስትደርሱ የሚያስፈራችሁ ነገር ቢኖር ኮማ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ማጂክ ሚረር የሚታዘዘው በአንዲት የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የትኛው ነገር የት ጥግ ይታይ፣ ከተማው የት ነው፣ ቋንቋው ምንድን ነው የሚለው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። እዚያ ውስጥ አንዲት ኮማ ከተረሳች መስታወቱ ሥራ አልጀምርም ይላል። ጀማሪ እዚህ ላይ “ይህ ነገር ለኔ አልተፈጠረም” ብሎ ይነሳል። ያልተፈጠረለት ነገር የለም፤ የጠፋችው ኮማ ናት። ሶፍትዌሩ ፋይሏን መርምሮ ችግሩ በየትኛው መስመር እንዳለ የሚጠቁም ትእዛዝ አለው። እሱን ማስኬድ የለመደ ሰው ሌላም ብዙ ነገር ለምዷል፦ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት መስመሩን መቁጠር።

መብራት የሚሄድበት አገር ስለሆነ ደግሞ ይህን ጨምሩ። ራስፕቤሪ ፓይ ሁሉን ነገር የምታስቀምጠው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ እየጻፈች ሳለ መብራት ድንገት ከጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሁሉም ነገር በትክክል በሠራበት ቀን የካርዱን ሙሉ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ አስቀሩ። ቅጂው ካለ የመብራት መጥፋት ከግማሽ ቀን ለቅሶ ወደ ሻይ መጠጫ ጊዜ ይወርዳል። ደግሞ የዚህ ዕቃ ደጉ ጠባይ፣ መብራት ሄዶም ቀን ከሆነ መስታወትነቱን አይተውም።

እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው፤ መስታወቱን የኛ ቤት ሰው ማድረግ። ሶፍትዌሩ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ብትተዉት በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፣ በፈረንጅ ወር ይጠራል። ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሳችሁ በኛ አቆጣጠር ማድረግ ለጀማሪ የተስማማች የመጀመሪያ ልምምድ ናት። አሥራ ሦስት ወሩን፣ የጳጉሜን አምስትና ስድስት ቀን፣ የዘመን መለወጫውን መስከረም 1 በራሳችሁ ኮድ ማስቆጠር ደግሞ ከፍ ያለች ናት፤ ይህን የቻለ ሰው ስለ ቀንና ስለ ዘመን ስሌት የተማረውን አይረሳውም። ፊደሎቹ ሳጥን ሳጥን ሆነው ከወጡባችሁ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሯ የግእዝ ፊደል ስላልተጫነባት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነፃ ፎንት ስትጭኑባት አንደበቷ ይፈታል።

ማጂክ ሚረር ከተፈጠረ ጀምሮ አብሮት ያለ አንድ ክፍል አለ፤ ሥራው ሰውን ማሞገስ ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ነገር፣ ከሰዓት አንድ ነገር፣ ማታ አንድ ነገር ይላችኋል። ከውስጡ ተጽፎ ከሚመጣው ሙገሳ አንዳንዱ “አንቺ ሸንቃጣ!” ከማለት የማይተናነስ የሰፈር ጎረምሳ ቃል ነው፤ ከአያታችሁ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ሳይውል ሳያድር አጥፉት። በምትኩ የእናንተን ጻፉ። ለታናሽ እህት “ዛሬ ፈተና አለሽ፤ ትናንት ያጠናሽውን አልረሳሽውም” ማለት ይቻላል። ለአባት “እንዴት አደሩ? ጃንጥላዎን ይያዙ” ይበቃል። ለራሳችሁ የምትጽፉትን ግን በደንብ አስቡበት። “አንበሳ ነህ” የሚል ፉከራ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። “ትናንት ሁለት ገጽ አንብበሃል፤ መጽሐፉ አልጋ ሥር ነው” የሚለው ግን ከቤት ሳትወጡ ይይዛችኋል። አነቃቂ ንግግር እያዳመጡ ከመዋል ይልቅ ነገ ጠዋት ለራሴ የምናገረውን ዛሬ ማታ መጻፍ ይበልጥ ይሠራል ባይ ነኝ፤ ይህን የምለው አነቃቂ ጽሑፍ እየጻፍኩ ቢሆንም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ካሜራው የሚያስፈልገው። ለአያት “እንዴት አደሩ”፣ ለታናሽ እህት “እንዴት አደርሽ” ለማለት መስታወቱ ከፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ሥራው ሁለት ነው፤ መጀመሪያ “እዚህ ፊት አለ” ማለት፣ ቀጥሎ “ይህ የእገሌ ፊት ነው” ማለት። የመጀመሪያውን በ2001 ፖል ቫዮላና ማይክል ጆንስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሚያስገርም ቀላል መንገድ ሠሩት። የሰው ዓይን አካባቢ ከጉንጩ ይጠቁራል፣ የአፍንጫው ድልድይ ከሁለቱ ዓይኖች ይበራል፤ እንዲህ ያሉ የጨለማና የብርሃን ንጽጽሮችን በፍጥነት እያከታተለ የሚመረምር ፕሮግራም ጻፉ። በ700 ሜጋኸርዝ ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ 15 ምስል ይመረምር ነበር። ያ ኮምፒውተር ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ስልክ ፊት አይቆምም፤ ፕሮግራሙም ኦፕን ሲቪ በተባለው ነፃ የኮድ ስብስብ ውስጥ ገብቶ ማንም ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው ሥራ ይረቃል። ዲሊብ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አንድን ፊት ተቀብሎ ወደ 128 ቁጥሮች ይለውጠዋል። ልብስ ሰፊያችሁን አስቡት፤ ደብተሩ ላይ የእናንተ ፎቶ የለም፣ የትከሻ፣ የደረት፣ የክንድ ልክ ነው ያለው፤ ያንን ይዞ ግን ኮታችሁን ከሌላው ሰው ኮት ይለየዋል። መስታወቱም እንደዚያ ነው። ጠዋት ስትቆሙለት የዛሬውን 128 ቁጥር አውጥቶ ከተመዘገቡት ጋር ያስተያያል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ0.6 ካነሰ “እሷው ናት” ይላል። ወንድማማቾችን ካምታታባችሁ ወደ 0.5 አጥብቁት።

የዚህ ሶፍትዌር ሠሪ በአንድ የታወቀ የፎቶ ፈተና 99.38 ከመቶ ማግኘቱን አሳውቋል። ታዲያ ጨዋታው አለቀ ትሉ ይሆናል። ፈተናው ከዜና ፎቶዎች የተሰበሰቡ 13,233 ምስሎች ናቸው፤ ካሉበት ፊቶች አብዛኛው የነጭ፣ አብዛኛው የወንድ ነው። ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል፤ የኛ እናቶች ፊት ላይስ?

በ2015 አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ጆይ ቡላምዊኒ የምትባል የጋናውያን ልጅ ልክ እንዲህ ያለ መስታወት ትሠራ ነበር። ሐሳቧ የሚያነቃቃ ነበር፤ ሰው ጠዋት መስታወቱ ፊት ሲቆም፣ የገዛ ፊቱ ላይ የአንበሳ ወይም የቴኒስ ተጫዋቿ የሴሬና ዊልያምስ መልክ ተደርቦ እንዲያይና ደረቱን ነፍቶ እንዲወጣ። ካሜራ ገጠመች፣ ፊት የሚከታተል ሶፍትዌር ጫነች፣ ፊት ለፊቱ ቆመች። ሶፍትዌሩ ፊቷን አላየውም። ጭራሽ ሰው እንዳለ አላወቀም። ቢሮዋ ውስጥ የነበረ ነጭ ጭምብል አንስታ አጠለቀች፤ ወዲያው አያት። ጥቁሯን ሴት ያላየ ማሽን ዓይንና አፍ የተቀደደለትን ነጭ ፕላስቲክ ሰው ብሎ ተቀበለ።

ቀላሉ መንገድ ግልጽ ነበር። ጭምብሉን አድርጎ ሥራውን ጨርሶ ማስረከብ። እኛ በየቀኑ የምናደርገው እሱን ነው። ስልካችን የምንለውን አልሰማ ሲለን አንደበታችንን አጣመን የሱን ቅላጼ እናወጣለታለን፤ ስማችን አልጻፍ ሲል ስማችንን እናሳጥርለታለን። እሷ ግን ጭምብሉን አውልቃ ማሽኑን መመርመር ጀመረች። ችግሩ በኔ ብቻ ነው ወይስ በብዙ ሰው? በስንቱ? ቅሬታዋን ወደ ቁጥር ለወጠችው።

በዚህ ሥራ ላይ አብራት የቆመችው አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ናት። ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደችው ትምኒት በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ጊዜ በልጅነቷ ከአገር ወጥታ፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ድረስ የተማረች ናት። ሁለቱ የሦስት የአፍሪካ አገሮችንና የሦስት የአውሮፓ አገሮችን የምክር ቤት አባላት ፎቶ ሰብስበው፣ 1,270 ፊቶች፣ ከማይክሮሶፍት፣ ከአይቢኤምና ፌስ ፕላስ ፕላስ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ሶፍትዌሮች ፊት አቀረቧቸው። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ይህ ፊት የወንድ ነው የሴት? በ2018 ያሳተሙት ውጤት፣ ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ የነበረው ስህተት ቢበዛ 0.8 ከመቶ ሲሆን፣ ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ከመቶ መድረሱን አሳየ። ከሦስት ሴቶች በአንዷ ላይ መሳሳት ማለት ነው። ትምኒት ያን ጊዜ የምትሠራው በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ነበር፤ የማይክሮሶፍትም ምርት ከተፈተኑት አንዱ ነው። ወኔ ሲባል እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያስ? ኩባንያዎቹ ደነገጡ፣ ሶፍትዌራቸውን እንደገና አሠለጠኑ። ተከታዩ ጥናት በ2019 ሲወጣ ማይክሮሶፍት በጠቆሩ ሴቶች ላይ የነበረበት 20.8 ከመቶ ስህተት ወደ 1.5 ከመቶ ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ ፊታችንን የማየት ችሎታ ከማሽኑ አቅም በላይ አልነበረም። ማንም አላስተማረውም ነበር እንጂ።

አሁን ወደ ሳሎናችሁ ግድግዳ። የእናንተን መስታወት የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ፤ ትምህርቱም ፎቶ ነው። የመታወቂያ ፎቶ አንድ ሰጥታችሁት “ለምን አላወቀኝም” ብትሉት ፍርዱ በእናንተ ላይ ነው። እህታችሁን ሹሩባ ተሠርታ አንሷት፣ ሹሩባው ተፈትቶም አንሷት። እናትን በሻሽ፣ በነጠላ፣ መነጽር አድርገው፣ አውልቀውም። አባትን ጢማቸውን ሳይላጩ። ፎቶው ሁሉ መስታወቱ በሚሰቀልበት ቦታ፣ በዚያው ካሜራ፣ በጠዋቱም በማታውም ብርሃን ይነሳ።

ብርሃኑን በተመለከተ ካሜራ ጅል ነው። ከጀርባችሁ መስኮት ካለ ለመስኮቱ ብርሃን ብሎ ራሱን ያጨልምና የጠየመውን ፊት ጥላ ያደርገዋል፤ ዓይንም አፍንጫም የሌለውን ጥላ ማንም አይለየውም። መስታወቱን ከመስኮቱ ትይዩ አትስቀሉት፤ ከበላዩ ወደ ፊታችሁ የሚያበራ አንድ አምፖል ይኑረው። ካሜራውንም ከመስታወቱ ጀርባ አትደብቁት። 30 ከመቶ ብርሃን ብቻ ደርሶት ማን ሊያይ ይችላል? ፍሬሙ አናት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል። በየቅጽበቱ ፊት ሲፈልግ ኮምፒውተሯ ከተንተፋተፈች በሰከንድ አንዴ ይመልከት፤ ጸጉሩን የሚያበጥር ሰው የትም አይሄድባችሁም።

ቤተሰቡን አስፈቅዱ። በቤት ውስጥ የሚያይ ዓይን ስትተክሉ “ምን ያያል፣ የት ያስቀምጣል፣ እንዴት ይጠፋል” የሚለውን ለአያትም በሚገባ ቋንቋ መመለስ ግዴታችሁ ነው። መልሱም ቀላል ይሁን፤ ቁጥሮቹ ከዚች ሳጥን አይወጡም፣ በይነመረብ ላይ አይሄዱም፣ እዚህ ጋ ያለችው ማጥፊያ ስትጫን ካሜራው ይተኛል። አልፈልግም ያለ ሰው አይመዝገብ። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካሜራው አይግባ። ደግሞ በር እንዲከፍትላችሁ አታድርጉት፤ እንዲህ ያለውን ቀላል መለያ የእናንተን ፎቶ የያዘ ሰው ሊያታልለው ይችላል። ሰላምታ ሲሳሳት ያስቃል፤ ቁልፍ ሲሳሳት አያስቅም።

አንድ የቀረች ነገር አለች። ያልተመዘገበ ሰው መስታወቱ ፊት ሲቆም ምን ይበል? ተቀድተው የሚገቡት የናሙና ኮዶች እዚህ ቦታ ላይ “የማይታወቅ ሰው” ብለው ይጽፋሉ። የመጣች ጎረቤት፣ ቡና ሊጠጡ የገቡ እትዬ፣ ራሳቸውን ሊያዩ ቀና ሲሉ “የማይታወቅ ሰው” ብሎ የሚቀበል ቤት የማን ቤት ነው? ያችን መስመር ፈልጋችሁ ሰርዟትና በምትኳ “እንኳን ደህና መጡ፤ ቡናው እየተፈላ ነው” ብላችሁ ጻፉባት። ኮማዋን እንዳትረሱ።